ጀርባው ያልታየ ቀሚስ

ፊልም ላይ የሚታይ ቀሚስ የሚሰፋው ለካሜራ ነው። ተዋናይቷ ፊት ለፊት የምትቀረጽ ከሆነ ከጀርባዋ የተረፈው ጨርቅ ተሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ቆማ ብቻ የምትታይ ከሆነ መቀመጥ የማይቻልበት ቀሚስ ቢያለብሷትም የሚያውቅ የለም። ዝናብ ሲያስፈልግ በቧንቧ ይዘንባል፤ ቀረጻው ሲያበቃም ያባራል። ይኸው ቀሚስ ከመጋረጃው ወርዶ ተመልካቿ ገላ ላይ ሲወጣ ግን መቀመጥ፣ ባጃጅ መሳፈር፣ ቡና ማፍላት፣ ለቅሶ መድረስና ጭቃ መሻገር ይጠበቅበታል። የፊልም አልባሳት በሴቶች ፋሽን ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ሲባል በአብዛኛው የሚወራው ስለዚህ መንገድ ነው። መንገዱ ከሆሊውድ ይነሳል፤ በቦምቤይና በኢስታንቡል ያልፋል፤ መድረሻው ለምሳሌ ኢሉባቦር፣ ያዮ ከተማ፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ሊሆን ይችላል።

መንገዱን የጠረጉት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ናቸው። ለዚህ ያበቃቸውም አንድ ድንጋጤ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ንድፍ አውጪዎች የቀሚስን ጫፍ በድንገት ወደ ታች አወረዱት። ጉልበት ላይ በቆመ ቀሚስ ተቀርጸው ገና ለተመልካች ያልቀረቡ ፊልሞች መጋዘን ውስጥ እንዳሉ አረጁ። ስቱዲዮዎቹ ከዚያ ወዲህ የፓሪስን ዓይን ዓይን ማየት ቀነሱና የየራሳቸውን ንድፍ አውጪዎች ማመን ጀመሩ። የኤም ጂ ኤሙ ኤድሪያን ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. «ሌቲ ሊንተን» ለተባለው ፊልም ጆአን ክሮፎርድን ነጭ የኦርጋንዲ ቀሚስ አለበሳት፤ እጅጌው በድርብርብ ሽንሽን የተነፋ፣ በር በጎን ካልሆነ የማያስገባ ቀሚስ ነበር። የክሮፎርድ ትከሻ ሰፊ ነው። ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን ይደብቀው ነበር፤ ኤድሪያን አገነነው። የአሜሪካ ሴቶች ትከሻቸው ጠባብ የነበረውም ሳይቀሩ እጅጌውን ፈለጉት። የኒውዮርኩ ሜሲስ መደብር ቅጂውን በገፍ ሸጠ፤ ኋላ ላይ ሲወራ የኖረው ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ስለሚደርስ የፋሽን ታሪክ ጸሐፊዎች በጥርጣሬ ያዩታል። ፊልሙ ራሱ ግን እድሜ አላገኘም። ታሪኩ ከአንድ የመድረክ ተውኔት የተወሰደ ነው ተብሎ በ1936 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ስለፈረደበት ከሲኒማ ቤቶች ወረደ። ፊልሙ በሌብነት ተቀጣ፤ እጅጌውን የሰረቀ ግን ማንም አልተከሰሰም።

ነጋዴዎቹ ከዚያም በፊት ነቅተዋል። በርናርድ ዋልድማን የተባለ ሰው በ1930 እ.ኤ.አ. «ሲኒማ ፋሽንስ» በሚል ስም የሚከፈቱ የመደብር ክፍሎችን ዘረጋ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስቱዲዮው የፊልሙን ልብሶች ፎቶና ንድፍ አስቀድሞ ይልክለታል፣ ፊልሙ ሲከፈት ቀሚሱም መደብር ውስጥ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ሴትየዋ ከሲኒማ ስትወጣ እንባዋ ሳይደርቅ ትገዛዋለች።

ከሁሉ የገነነው የፊልም ልብስ ምናልባት ኦድሪ ሄፕበርን በ1961 እ.ኤ.አ. «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» መክፈቻ ላይ የለበሰችው የዢቫንሺ ጥቁር ቀሚስ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ በ467,200 ፓውንድ ተሸጧል፤ ገንዘቡም በሕንድ ለድሆች መርጃ ውሏል። በምዕራቡ ዓለም ጥቁር ቀሚስ የሌለበት የሴት ቁም ሳጥን ጎዶሎ ነው ይባላል። በኢትዮጵያም ከቁም ሳጥን አይጠፋም፤ የሚወጣበት ቀን ነው የሚለየው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ላልቶ ጥቁር ለምረቃም ለልደትም ይለበሳል። ያዮ ላይ ግን አንዲት ወጣት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ በዋናው መንገድ ብታልፍ፣ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ እየተነሱ፣ «ውይ ልጄ! ማን አረፈባችሁ?» ይሏታል።

«ኧረ ማንም አላረፈም እማማ፣ ፊልም ላይ አይቼው ነው።»

«እኮ፣ ፊልሙ ላይ ማን ሞተ?»

በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳያን ኪተን «አኒ ሆል» ላይ የወንድ ሰደሪያ፣ ከረባትና ሰፊ ሱሪ ለብሳ ታየች። የምዕራቡ ዓለም ሴቶች ወደ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ቁም ሳጥን ዘመቱ፤ ጋዜጦችም ይህን እንደ ግኝት ጻፉት። ለኢሉባቦር ገበያ ግኝት አይደለም። ቡናና ማር ይዛ በማለዳ ጉም ገበያ የምትወጣ ባላገር ሴት በቀሚሷ ላይ የባሏን ኮት ደርባ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ፣ የደረት ኪሱን የገንዘብ መያዣ አድርጋ ስትሄድ ማየት የተለመደ ነው። የጎደላት ከረባትና ካሜራ ብቻ ነበር።

የ1983ቱን (እ.ኤ.አ.) «ፍላሽዳንስ» ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ጄኒፈር ቢልስ አንገቱ የተቀደደና በአንድ ትከሻዋ የወረደ ሹራብ ለበሰች፤ ሹራቡ ታጥቦ አንገቱ ስለጠበባት በመቀስ እንደቀደደችው ራሷ ተናግራለች። ከዚያ ወዲያ በብዙ አገር ደህና ሹራብ ተገዝቶ ተቀደደ። የሐበሻ እናት ለዚህ ፋሽን የምትሰጠው ሒስ አጭር ነው፤ «ሲሰፋ ጨርቅ አለቀበት እንዴ?»

ፊልም በኢትዮጵያ ሴቶች ልብስ ላይ ያሳረፈው ትልቁ አሻራ ግን ከነዚህ ከአንዱም አይደለም፤ ቬሎው ነው። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በ1840 እ.ኤ.አ. ከተዳረችው ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዲህ እየተስፋፋ ቢመጣም፣ በዳንቴል የተሸፈነ አንገት፣ ረጅም እጅጌና ሰፊ ጉርድ ያለውን መልክ ያነገሠችው ተዋናይቷ ግሬስ ኬሊ ናት። በ1956 እ.ኤ.አ. የሞናኮውን ልዑል ስታገባ ቀሚሷን ያዘጋጀችው የኤም ጂ ኤም የፊልም አልባሳት ንድፍ አውጪ ሄለን ሮዝ ነበረች፤ ስቱዲዮው በስጦታ ሰጣት። በሌላ አነጋገር የዓለም ሙሽሮች እንደ ልዕልት ለመልበስ ሲሉ የለበሱት የፊልም ሠራተኛ ሥራ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች ቬሎ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ። አንዱ ቬሎ በአንድ የሠርግ ወቅት ብዙ ሙሽሮችን ይድራል፤ አንዷ ላይ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይጠባል፣ ሌላዋ ላይ በማሰሪያ ይሰፋል። የመርፌ ቁልፉን ጥበብ ከሆሊውድ የተማረ ሰው የለም፤ ችግሩ አንድ ሲሆን መላውም አንድ ይሆናል። ኢሉባቦር ላይ ደግሞ የቬሎው ጫፍ የሠርጉን ጉዞ መዝግቦ ይመለሳል፤ ቀዩ አፈር ነጭ ነገር አይምርም። አከራዩ ማስያዣ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ከሆሊውድ ይልቅ ለኢትዮጵያ የቀረበው የሕንድ ፊልም ነው። ሕንዶች በዚህ ሙያ ከማንም አያንሱም። በ1960 እ.ኤ.አ. «ሙግል-ኤ-አዛም» ላይ ማዱባላ አናርካሊ የምትባለውን ሴት ሆና ተጫወተች፤ ከደረት በታች እየሰፋ የሚወርደው ረጅም ቀሚስ ዛሬም በገጸ ባሕርይዋ ስም ይጠራል። በዚያው ዓመት ሳድሃና የተባለችው ተዋናይት «ላቭ ኢን ሲምላ» ላይ ጸጉሯን ግንባሯ ላይ አስተኝታ ቀረበች፤ ግንባሯ ሰፊ ስለነበር ዳይሬክተሩ የኦድሪ ሄፕበርንን አቆራረጥ እንድትከተል መክሯት ነው። የሕንድ ልጃገረዶች በስሟ የጠሩትን ቁርጥ ተቆረጡ፤ ግንባራቸው ጠባብ የሆነውም ጭምር። በ1994 እ.ኤ.አ. ማዱሪ ዲክሲት «ሃም አፕኬ ሄ ኮን» ላይ የለበሰችው ሐምራዊ ሳሪ ደግሞ በሕንድ ሠርግ ቤቶች ሁሉ ተሰፋ። ይህም ጀርባው ክፍት ስለነበር ጀርባው የታየ ብርቅ የፊልም ልብስ ነው።

እነዚህ ፊልሞች ወደ ኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች የገቡት በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት መስኮቱ በጆንያ የተከደነ፣ የጣውላ አግዳሚ የተደረደረበት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያጓራበት ክፍል ነው። ፊልሙ ያለ ትርጉም ይታይ ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፣ የማያለቅስም አልነበረም። እዚህ ላይ ግን የፋሽን ታሪክ ጸሐፊ ሊያመልጠው የማይገባ ነገር አለ። ቪዲዮ ቤት የወንድ ልጆች ስፍራ ነበር፤ ሴት ልጅ ገባች ማለት ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ነው። ስለዚህ የተዋናይቷ ልብስ ወደ ሴቶቹ የደረሰው በወንድም ትረካና በፖስት ካርድ ነው። ወንድም ልብስ ሲተርክ ደግሞ ቀለሙን «ደማቅ»፣ አሰፋፉን «የሆነ ዓይነት» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ የተሰፉት «የሕንድ» ቀሚሶች ሕንድ ውስጥ ቢታዩ የየት አገር ናቸው ያስብሉ ነበር።

የኢሉባቦር ፋሽን ከፊልም በፊትም መንገድ ነበረው፤ መንገዱም ወንዝ ነው። እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት መሠረት ጋምቤላን የንግድ ጣቢያ አድርገው ከያዙ በኋላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች ባሮን ይዘው ይመጡ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢዋ ቡና ይወርዳል፣ ጨርቅና ጨው ይወጣል። መርከቦቹ መድረስ የሚችሉት ወንዙ ሲሞላ፣ ማለትም ክረምት ብቻ ነበር። በመሆኑም አዲስ ጨርቅ ኢሉባቦር ይገባ የነበረው ለመልበስ በማያመቸው ወራት ነበር። ይህ አመል ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተወውም።

ወደ ፊልሙ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ ለደንበኛ የሚመች ባይሆንም ደንበኛ አላጣም፤ ከጊዜ በኋላ አምፒር፣ አምባሳደርና ሲኒማ ራስ ተከተሉ። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ የከተማዋ ወጣት ሴቶች ከፊልምና ከመጽሔት ያዩትን አጭር ቀሚስ አጠለቁ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ይህ የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ረብሻው ዩኒቨርሲቲውን እስከማዘጋት ደረሰ። ተራማጁ ተማሪና ወግ አጥባቂዋ አያቱ በአንድ ጉዳይ የተስማሙበት ብርቅ ቀን ነበር። የተስማሙበት ጉዳይ የሴት ቀሚስ መሆኑ አያስገርምም።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ያኔ ከስክሪን አይታ የምታሰፋ ሴት ቀለሙን የምትመርጠው በግምት ወይም ሱቅ ውስጥ በተገኘው ጨርቅ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የበረከቱት የአማርኛ ፊልሞች ሌላ አስቂኝ ዙር ጨመሩ። የአልባሳት ባለሙያ መቅጠር ለብዙዎቹ አዘጋጆች ከአቅም በላይ ስለሆነ ተዋናይቷ ብዙ ጊዜ የምትቀረጸው ከቤቷ ባመጣችው ልብስ ነው። ልብሱን የገዛችው ቦሌ ወይም መርካቶ ካለ ቡቲክ ነው። ተመልካቿ ፊልሙን አይታ «እሷ የለበሰችውን» ፍለጋ እዚያው ቡቲክ ትሄዳለች፤ ባለቡቲኩም ዋጋውን በፊልሙ ምክንያት ይጨምራል።

ትልቁ ማዕበል የመጣው በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት ነው። የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተተክተው በየሳሎኑ ገቡ። የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ እናቶች ግን «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት ወጥ አሳረሩ። ቪዲዮ ቤት ያገለላት ሴት አሁን ሪሞቱን ያዘች፤ የወንድም ትረካም ዋጋ አጣ። ቱርክ አገር ድራማ ልብስና ጌጥ መሸጥ የለመደ ነው። ስለ ሱልጣን ሱሌይማን ቤተ መንግሥት የተሠራው ተከታታይ ድራማ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሱልጣኑ ሚስት የሑረም ቀለበት ቅጂ የኢስታንቡልን ገበያ አጥለቅልቆ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የደረሰው ካፖርቱ፣ ረጅሙ ቡት ጫማና የተለቀቀው ጸጉር ነው።

ካፖርቱ ኢሉባቦር ሲደርስ ለአንድ አፍታ አገሩን ያገኘ መስሎ ነበር። አካባቢው በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፤ ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ኢስታንቡልም ይዘንባል። ነገር ግን የኢስታንቡሏ ሴት ከመኪና ወርዳ ቡና ቤት እስክትገባ ነው የሚዘንብባት፤ የያዮዋ ከቤቷ እስከ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ነው። የሱፍ ካፖርት ውሃ ሲጠጣ ከለባሿ ይከብዳል። ለማድረቅ ምድጃ አጠገብ ይሰቀላል፤ በሦስተኛው ቀን ሲለበስም ለባሿ ከመድረሷ በፊት የጭስ ሽታዋ ይደርሳል። ቡት ጫማው ግን ጸደቀ። ጭቃን ለመሻገር ከፊልም የመጣ ብቸኛው ጠቃሚ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ተረከዙ ከተቆረጠ።

ንግዱ ሁልጊዜ ወደዚህ ብቻ አይፈስም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብላክ ፓንተር» ንድፍ አውጪ ሩት ካርተር ልብሶቹን የለቀመችው ከመላው አፍሪካ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ወሰደችበት። ከፊልሙ ሽማግሌዎች አንዱ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ገል አድርጎ ይታያል። የዚህ ጌጥ ባለቤቶች ከኢሉባቦር በስተደቡብ የሚኖሩት ሱሪዎችና ሙርሲዎች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ የሴቶች ጌጥ ነው፣ ሆሊውድ ለወንድ ሰጠው። በኢሉባቦር መቱ ከተማ ያሉ ፋሽን ተከታዮች ይህን ከጎረቤት የሄደ ጌጥ አይተው «ደስ ይላል» አሉ፤ ካፖርቱን ግን አላወለቁም። የቅርብ ነገር ፋሽን የሚሆነው በሩቅ ዞሮ ሲመጣ ነው፤ ይህኛው ዞሮም አልተሳካለትም።

ይህ ሁሉ መጨረሻው ልብስ ሰፊው ነው። ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው የቡና ደን የከበባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ንድፍ አውጪ፣ የጨርቅ አማካሪና የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሆነው በረንዳ ላይ መኪናውን የዘረጋ አንድ ሰው ነው። ደንበኛዋ ስልኳን ታቀርባለች።

«ጋሼ፣ እንዲህ አድርገው ይሰፉልኛል?»

መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያያል። «ይቻላል። ጀርባውስ?»

«ጀርባውን አላሳዩም።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ጀርባውን እኔ አውቃለሁ።»

የዓለም የፊልም ፋሽን ኢሉባቦር ላይ የሚለወጠው በዚህች ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊው የሚያውቀው ጀርባ አንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ዚፕ፣ ከውስጥ ገበር፣ ከታች መራመጃ የምትሆን ትንሽ ስንጥቅ። ከፊት የኢስታንቡል ወይም የቦምቤይ፣ ከኋላ የያዮ የሆነ ቀሚስ ይወጣል። ሳቲኑ ከሌለ ሽፎን ይተካል፤ ሽፎኑ ካነሰ ሽንሽኑ ይቀነሳል። የደረቱ አንገት ፎቶው ላይ ካለው አራት ጣት ከፍ ይላል፤ ይህን ያዘዘችው ልጅቷ አይደለችም። እናቷ በማግስቱ በበረንዳው አልፈው «ልጄ ያመጣችውን ጨርቅ እስቲ አሳየኝ» ብለው ነበር። ልጅቷ ልብሱን ስትለካ ልዩነቱን ታያለች፣ ትንሽ ትከፋለች፣ ከዚያ ለሠርጉ ትለብሰዋለች። ሠርጉ ላይ ያዩት ጓደኞቿ ደግሞ ፎቶ አንስተው ለዚያው ልብስ ሰፊ ይወስዱለታል፤ «እንደሷ» ይሉታል። ከሁለተኛዋ ጓደኛ በኋላ ፊልሙን የሚያስታውስ የለም፤ ቀሚሱ የልብስ ሰፊው ሆኗል። በፍትሕ ከታየ ለዚህ የሚሰጥ ኦስካር አለመኖሩ ቅር ያሰኛል።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡም ቡና ነው። በኢሉባቦር ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን ከዚያ በፊት ስልክ ውስጥ የተቀመጠ የቀሚስ ምስል ምስል ብቻ ሆኖ ይከርማል። ቡናው ሲሸጥ ጨርቁ ይገዛል፤ ጥር ሲገባ ሠርጉ ይደራረባል። ዋጋው በወረደ ዓመት ቀሚሱ ያጥራል፤ ይህን አጭር ቀሚስ ከፊልም የመጣ ነው ብሎ የሚያወግዝ ሰው የገበያውን ዋጋ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለጥር ሠርግ የሚሰፋ ልብስ ከኅዳር አጋማሽ በፊት መታዘዝ አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚቀበል ልብስ ሰፊ የሚሰፋው ቀጠሮ ነው። ለልብስ ሰፊው የሚታየውም ምስል ቢቻል ተዋናይቷ ፊቷን አዙራ ስትሄድ የተያዘ ይሁን።